ጄምስ ፓርኪንሰን፦ መንቀጥቀጡን በመንገድ ላይ ያየው ሐኪም



መድረሳ የቀራ ሁሉ ረዕሻ የሚለውን የዐረብኛ ቃል ያውቀዋል፤ መንቀጥቀጥ ማለት ነው። ኢብን ሲና በአል-ቃኑን ሦስተኛ መጽሐፉ ስለ ነርቭ ሕመሞች ሲጽፍ ለረዕሻ የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። የዛሬዎቹ የዐረብ ሐኪሞች ደግሞ አሽ-ሸለል አር-ረዓሽ፣ ማለትም የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት፣ የሚሉት አንድ ሕመም አለ። ይህ ስም ግን ከኢብን ሲና የተወረሰ አይደለም። በ1817 ሎንዶን ውስጥ የታተመች፣ 66 ገጽ ያላት ትንሽ መጽሐፍ ርእሷ ላይ ይህንኑ ስም ይዛ ነበር። ጸሐፊዋ ጄምስ ፓርኪንሰን ይባላል። እኛም ሕመሙን በእሱ ስም እንጠራዋለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ሰው የመረጥኩት በስልካችን በሚዘዋወሩ ቪዲዮዎች ምክንያት ነው። እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ጠረጴዛ ላይ ይተኛሉ፤ ካይሮፕራክተር የሚባል ባለሙያ አንገታቸውን በሁለት እጁ ይዞ ድንገት ቋ ያደርገዋል፤ ከዚያ ተነስተው እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ፣ መንቀጥቀጡ ቀንሷል። ከሥር ያለውን አስተያየት ብታነቡ አባቱን ወይም አያቱን ወደዚያ ለመውሰድ አድራሻ የሚጠይቀው ብዙ ነው። ካይሮፕራክተር በማይገኝበት ሰፈር ደግሞ ወጌሻ አለ። የሁሉም መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፤ መንቀጥቀጡ የሚመጣው ከአንገትና ከአከርካሪ ነው፣ አጥንቱ ቦታው ከተመለሰ ይለቃል የሚል። የሚገርመው፣ የዚህን ሕመም ሥር አንገት ላይ ፈልጎ መጀመሪያ በጽሑፍ ያሰፈረው ራሱ ፓርኪንሰን መሆኑ ነው። ምን አይቶ እንዲህ እንዳለ፣ ምን ያህልስ እርግጠኛ እንደነበረ ማወቅ ለእኛ ይጠቅመናል።

ፓርኪንሰን ኤፕሪል 11 ቀን 1755 ሎንዶን ዳርቻ ሆክስተን በሚባል ሰፈር ተወለደ። አባቱ ጆን ፓርኪንሰን መድኃኒት ቀማሚና ቀዶ ሐኪም ነበር። በዚያ ዘመን ሙያው የሚወረሰው እንደ አንጥረኝነት ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ልጁም አባቱ ሥር ሆኖ ዓመታት ተማረ፣ በ1776 ደግሞ በሎንዶን ሆስፒታል ስድስት ወር ሠራ። ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ፣ ማለትም በእኛ ዕድሜ፣ ራሱን ሰቅሎ የነበረ ሰው ነፍስ እንዲዘራ በመርዳቱ የብር ሜዳልያ ተሸልሟል። በ1784 አባቱ ሲሞት ሥራውን ተረከበ። በቀጣዩ ዓመት የዘመኑ ትልቅ የአካል ሊቅ የነበረው ጆን ሃንተር የሚሰጠውን ትምህርት ሊከታተል ሄደ፤ ንግግሩን በአጭር ጽሕፈት ቃል በቃል ይጽፍ ነበር። ያ ማስታወሻ ከሞተ በኋላ በልጁ ተስተካክሎ በ1833 ታተመ። ለፈተና ሰሞን የሌላ ሰው ኖት ፍለጋ ለምንሯሯጥ ሰዎች ይህ ጥሩ ወሬ ነው።

ሆክስተን የሀብታም ሰፈር አልነበረም። ፓርኪንሰን የደብሩ ድሆች መጠለያ ሐኪም ነበር፤ በሰፈሩ ከነበሩት የአእምሮ ሕሙማን ቤቶች አንዱንም ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ሰውየው በየቀኑ በእግሩ እየዞረ የሚያክም፣ የሕዝቡን አረማመድ፣ አነጋገርና አበላል የሚያውቅ የሰፈር ሐኪም እንደነበር እዚህ ላይ አስምሩበት፤ ወደኋላ ያስፈልገናል።

የድሆቹ ሐኪም መሆኑ ወደ ፖለቲካም አስገባው። የፈረንሳይ አብዮት እንግሊዝን ባስደነገጠበት ዘመን ኦልድ ሁበርት በሚል የብዕር ስም በራሪ ጽሑፎች እየጻፈ ተራው ሕዝብ በፓርላማ ይወከል፣ በድሃው ላይ የተጫነው ሸክም ይቅለል ይል ነበር። የሎንዶን ኮሬስፖንዲንግ ሶሳይቲ የሚባለው የለውጥ ፈላጊዎች ማኅበር አባል ነበር። በ1794 አንዳንድ የማኅበሩ ሰዎች ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን በመርዘኛ ቀስት ሊገድሉ አሲረዋል ተብለው ታሰሩ፤ ቀስቱ ይተኮሳል የተባለው በአየር ግፊት ከሚሠራ ቱቦ ነው፤ ነገሩም የአሻንጉሊት ጠመንጃ ሴራ እየተባለ ተቀለደበት። ፓርኪንሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ዊልያም ፒት ባሉበት የንጉሡ አማካሪዎች ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ተመረመረ። ኦልድ ሁበርት እኔ ነኝ ብሎ ጽሑፎቹን ለራሱ ወሰደ፣ ለታሰሩት ወዳጆቹም መሰከረ። ክሱ በመጨረሻ አልጸናም። ከዚያ በኋላ ከፖለቲካ ጽሑፍ እየራቀ ሄደ፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው፣ አይፈረድበትም።

ቀጥሎ ያሉትን ዓመታት ለተራ ሰው የሚሆኑ የጤና መጻሕፍት በመጻፍ አሳለፋቸው። ሐኪም መቼ መጠራት እንዳለበት፣ ልጆች በጨዋታ እንዴት እንደሚጎዱ፣ ሕክምና የሚማር ወጣት ምን ማወቅ እንዳለበት ጽፏል። ሪህ ራሱንም ያሠቃየው ስለነበር በ1805 ስለሪህ መጽሐፍ አወጣ። በ1812 ከሐኪም ልጁ ጋር ሆኖ ትርፍ አንጀቱ ተበስቶ የሞተ ሕፃን ታሪክ አሳተመ፤ ስለዚህ ሕመም በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ቀዳሚዎች አንዱ ነው።

በዘመኑ ስሙን ያስጠራው ግን ድንጋይ ነው። ቅሪተ አካል ይሰበስብ ነበር። ያለፈው ዓለም ቅሪቶችን የሚመለከት ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፉ በ1804፣ በ1808 እና በ1811 ወጣ፤ በ1807 ሎንዶን ላይ የጂኦሎጂ ማኅበርን ከመሠረቱት ጥቂት ሰዎች አንዱም ነበር። ፓርኪንሶኒያ የተባለች ክብ ቀንድ የመሰለች የጥንት ባሕር ፍጥረት በስሙ ተሰይማለች። (በሞቃታማ አገሮች አጥር የሚሆነው፣ ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ ዛፍም ፓርኪንሶኒያ ይባላል፤ እሱ ግን ቀደም ብሎ በኖረ ሌላ ፓርኪንሰን፣ በዕፅዋት ሊቁ ጆን ስም የወጣ ነው። የባዮሎጂ ተማሪዎች እንዳትሳሳቱ።) ጓደኞቹ በኋላ ዘመን ምን ያስታውሰዋል ቢባሉ ሁሉም ድንጋዮቹን ይጠሩ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አሁን ወደ ትንሿ መጽሐፍ እንምጣ። ስታሳትማት ዕድሜው 62 ደርሷል። በውስጧ የስድስት ሰዎች ታሪክ አለ። አንደኛው በልኩ የሚኖር ጠንቃቃ አትክልተኛ ነው፤ መንቀጥቀጡ ከግራ እጁ ጀመረ። ሁለተኛው ዕድሜውን በዳኛ ጽሕፈት ቤት ያሳለፈ የ62 ዓመት ሰው ሲሆን ፓርኪንሰን መንገድ ላይ አግኝቶ ነው ያናገረው። ሦስተኛው ጠንካራ ሰውነት ያለው የ65 ዓመት መርከበኛ ነው፣ እሱንም መንገድ ላይ አገኘው፤ መርከበኛው ሕመሙን ያመካኘው በስፔን እስር ቤት በእርጥብ መሬት ላይ ለወራት በመተኛቱ ነው። አራተኛው ለሌላ ሕመም መጥቶ ከዚያ ከዓይኑ የጠፋ ሰው ነው። አምስተኛውን ከሩቅ ብቻ ነው ያየው፤ መራመድ የማይችል፣ መሮጥ ግን የሚችል ሰው። አስታማሚው ፊት ለፊት ቆሞ ሁለት ትከሻውን ይዞ ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዘ ሚዛኑን ካስያዘው በኋላ ይለቀዋል፣ ሰውየው በሩጫ ይነሳል፣ አስታማሚውም እንዳይደፋ ከፊቱ እየሮጠ ይቀድማል። ስድስተኛው የ72 ዓመት አዛውንት ናቸው። አንድ ቀን ስትሮክ መቷቸው ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ ሽባነቱ እስካለ ድረስ በዚያ ጎን ያለው መንቀጥቀጥ ቆመ፣ ኃይላቸው ሲመለስ መንቀጥቀጡም አብሮ ተመለሰ።

እስኪ አስቡት። ሦስቱ መንገድ ላይ የታዩ ሰዎች ናቸው። ላቦራቶሪ የለም፣ የአንጎል ፎቶ የለም፣ አንዳቸውም ከሞቱ በኋላ አልተመረመሩም። ሆኖም እጅ ሲያርፍ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሰውየው ወደፊት እየጎበጠ እንደሚሄድ፣ እርምጃው እያጠረ ወደ ሩጫ እንደሚለወጥ፣ ጽሕፈትና አበላል እንደሚበላሽ፣ ምራቅ እንደሚዝረከረክ፣ ሁሉም ነገር በዝግታ ዓመታት እየወሰደ እንደሚብስ በግልጽ አስቀመጠ። ከእሱ በፊት እነዚህ ነገሮች ተለያይተው ይታወቁ ነበር፤ እሱ የአንድ ሕመም ክፍሎች መሆናቸውን አየ። ዝንፍ ያለባቸው ነገሮችም አሉ። ጡንቻ እንደሚገተር አልጻፈም፤ አእምሮ በጭራሽ አይነካም ያለውም ለሁሉም ታማሚ አይሠራም።

መንቀጥቀጡ ከየት ይመጣል ለሚለው መልሱ አንገት ነው። የአንጎል ግርጌና በአንገት አከርካሪ ውስጥ ያለው የኅብለ ሰረሰር ክፍል ተጎድቷል ብሎ ገመተ። ምክንያቱ እንዲህ ነው። እጅም ምላስም ጉሮሮም ይነካሉ፤ አስተሳሰብና ስሜት ግን ደህና ይመስላሉ፤ ስለዚህ ጉዳቱ የሁሉም ገመድ የሚያልፍበት ቦታ ላይ መሆን አለበት። ከዚህ በተጨማሪ ከእሱ በፊት የታተመ የአንድ ፈረንሳዊ መኮንን ታሪክ አነበበ፤ ይህ ሰው ሠረገላው ተገልብጦ አንገቱን ተጎድቶ ነበር፣ ከጊዜ በኋላ ክንዱ እየደከመ አንደበቱ እየተሳሰረ ሄደ፣ ሲሞት ሲከፈት የአንጎሉ ግርጌ አብጦና ጠንክሮ ተገኘ። ይህን ከሕሙማኑ ጋር አያይዞ ወደ አንገት አመለከተ።

እንደ ኢንጂነሪንግ ተማሪ አስተሳሰቡን አልንቀውም። የወረዳ መብራት ሲጠፋ እኛም መጀመሪያ የምንጠረጥረው ሁሉም መስመር የሚገናኝበትን ትራንስፎርመር ነው። ልዩነቱ፣ ፓርኪንሰን ሳይከፍት መገመቱን ያውቅ ነበር። በመቅድሙ ላይ ያለ አካል ምርመራ ግምት በማሳተሙ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የሰውነትን ውስጥ የሚመረምሩ ሊቃውንት የሕመሙን እውነተኛ ቦታ እንዲፈልጉም ይማጸናል።

ያቀረበው ሕክምናም ግምቱን ተከትሎ የሄደ ነው። ከማጅራት ደም ማውጣት፣ ከዚያም በዚያው ቦታ ቆዳውን በሚያቃጥል መድኃኒት አቁስሎ ቁስሉ እንዳይድን ማድረግ፣ እብጠቱ ወደ ውጭ እንዲፈስ። ግቢያችን ውስጥ ሒጃማ ለሚያውቁ ደም የማውጣቱ ነገር እንግዳ አይሆንም፤ ለዚህ ሕመም ግን አልጠቀመም፣ ሐኪሞችም ትተውታል። በሌላ በኩል ሕመሙ በደንብ እስኪታወቅ ድረስ በአፍ የሚወሰድ ጠንካራ መድኃኒት ለመስጠት ምክንያት አይታየኝም የሚል ሐሳብ ነበረው። በዚያ ዘመን ሜርኩሪ ሳይቀር ለሁሉ ነገር ይታዘዝ እንደነበር ስናስብ ይህ ቁጥብነት ስንቱን ከጉዳት እንዳዳነ መገመት ይቻላል።

መጽሐፏ ብዙም ሳትነበብ ቆየች። ያነሳት ፈረንሳዊው ዣን ማርቲን ሻርኮ ነው። ፓሪስ በሚገኘው ሳልፔትሪዬር ሆስፒታል በሺህ የሚቆጠሩ ሕሙማን ነበሩት፤ የሚንቀጠቀጡትን ከሌሎች ለይቶ አጠና፣ የጡንቻውን መገተር ጨመረበት፣ ሽባነት የሚለው ስም ደግሞ አይስማማም አለ፤ ሰዎቹ ደካማ አይደሉም፣ ሁሉም አይንቀጠቀጡም። ስለዚህ የፓርኪንሰን ሕመም ይባል ብሎ ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው። ሻርኮ ሌላም ነገር አስተዋለ፤ በባቡር ወይም በሠረገላ ረጅም መንገድ የመጡ ሕሙማን ሲደርሱ ቀለል ይላቸዋል። ስለዚህ የሚንቀጠቀጥ ወንበር አሠራ፣ ሕሙማኑ እየተቀመጡበት ተሻለን አሉ። አከርካሪ እንዲሳብ ብሎም ሰውን በብብቱና በአገጩ ይዞ ከጣሪያ የሚያንጠለጥል መሣሪያ ሞክሯል፤ ይኼኛው ብዙ ሳይቆይ ተተወ። ወንበሩ ግን ታሪክ አለው፣ እመለስበታለሁ።

1895ን ያዙልኝ። በዚያ ዓመት አሜሪካ፣ አዮዋ ግዛት፣ ዳቨንፖርት ከተማ ውስጥ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል በማግኔት እፈውሳለሁ ይል የነበረ ሰው ጆሮው የደነቆረ አንድ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛ ጀርባ ላይ ያበጠ አጥንት ዳሰሰ፣ ገፋውም፣ ሰውየው መስማት ጀመረ ብሎ አወጀ። ከዚያ ተነስቶ ከሕመም አብዛኛው የሚመጣው ቦታውን ከለቀቀ አከርካሪ ነው የሚል ትምህርት መሠረተ፤ ካይሮፕራክቲክ ይህ ነው። የመስማት ነርቭ ከጆሮ በቀጥታ ወደ አንጎል ይገባል እንጂ በጀርባ አያልፍም። ሽቦው የማያልፍበትን ግድግዳ ፈልፍሎ መብራት ማስተካከል አይቻልም።

በዚያው በ1895 ፓሪስ ውስጥ ኤዱዋር ብሪሶ የተባለ ሐኪም የትምህርቶቹን መጽሐፍ አሳተመ። በአንድ ጎኑ ብቻ እንደ ፓርኪንሰን ሕሙማን ይንቀጠቀጥ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ሲሞት በተቃራኒው የአንጎል ጎን መሃል፣ ሰብስታንሺያ ናይግራ በሚባል ጥቁር ክፍል ላይ፣ የነቀርሳ እብጠት ተገኝቶ ነበር። ብሪሶ የሕመሙ ቦታ ይህ ሳይሆን አይቀርም አለ። በ1919 ኮንስታንቲን ትሬቲያኮፍ የሞቱ ሕሙማንን አንጎል መርምሮ ያ ጥቁር ክፍል መሳሳቱን አሳየ። ፓርኪንሰን የለመነው ምርመራ ከመቶ ዓመት በኋላ ተደረገ፤ መልሱም አንገት ሳይሆን ከዚያ በላይ ያለው አንጎል ሆነ።

የቀረው ፈጥኖ ሄደ። በ1957 ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሶን በመድኃኒት ደንዝዘው መንቀሳቀስ ያቃታቸውን ጥንቸሎች ኤል-ዶፓ ወግቶ አነቃቸው። በ1960 ቪየና ውስጥ ኦሌ ሆርኒኬቪች ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር በሕሙማኑ አንጎል በጣም ማነሱን አገኘ። በ1967 ጆርጅ ኮትዚያስ ዶፓን በአፍ፣ በትንሹ እየጀመረ ከፍ ባለ መጠን ሰጥቶ ለዓመታት የተገተሩ ሰዎች እንዲራመዱ አደረገ። ዛሬም ከካርቢዶፓ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጠው ሌቮዶፓ ዋናው መድኃኒት ነው። ሕመሙን አያድነውም፣ ምልክቶቹን ግን በእጅጉ ይቀንሳል። ዶፓሚን የሚሠሩት ሕዋሳት ምልክቱ በሚታይበት ጊዜ ግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሞተዋል፤ የሞተን ሕዋስ የአንገት አጥንት በማስተካከል ማስነሳት አይቻልም።

ታዲያ ቪዲዮው ላይ ያሉት ሰዎች ይዋሻሉ? አይመስለኝም። ፓርኪንሰን ያለበት ሰው አንገቱና ጀርባው ይገተራል፣ ያመዋል፤ ጡንቻውን በቀስታ የሚያፍታታለት ሲያገኝ ለጥቂት ሰዓት ቢቀለው አይገርምም። የሚያርፍ እጅ በሴኮንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ የሚንቀጠቀጠው መንቀጥቀጥ ደግሞ ሰው ሲጨነቅ ይጨምራል፣ ሲረጋጋ ይቀንሳል። ከሁሉ በላይ በ2001 ካናዳ፣ ቫንኩቨር የተደረገ ጥናት አለ፤ መድኃኒት ተሰጣችሁ የተባሉ ነገር ግን ባዶ ነገር የወሰዱ የፓርኪንሰን ሕሙማን አንጎል ራሱ ዶፓሚን ሲለቅ በመሣሪያ ታየ። እሻላለሁ ብሎ መጠበቅ በዚህ ሕመም ላይ እውነተኛ ኬሚካል ያፈልቃል። አላህ የሰውን አካል እንዲህ አድርጎ ነው የፈጠረው። ለዚህ ነው የአንድ ሰው ምስክርነት፣ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን፣ ሕክምናው ሠርቷል ለማለት የማይበቃው።

የሻርኮ ወንበርም እዚህ ላይ ይመጣል። በ2012 ቺካጎ የሚገኙ ሐኪሞች ተመሳሳይ የሚንቀጠቀጥ ወንበር አዘጋጅተው ግማሾቹን ሕሙማን በእሱ፣ ግማሾቹን ደግሞ በማይንቀጠቀጥ ወንበር ላይ የሚያረጋጋ ድምፅ እያሰሙ ለአራት ሳምንት አስቀመጧቸው። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው። በመካከላቸው ልዩነት አልነበረም። ሻርኮ ማነጻጸሪያ ቡድን ቢኖረው ኖሮ በራሱ ያየው ነበር። ካይሮፕራክቲክ ለፓርኪንሰን ይጠቅማል ተብሎ የሚቀርበው ማስረጃ ደግሞ በአብዛኛው የአንድ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ የሕመሙን ጉዞ እንደሚያዘገይ ያሳየ፣ በማነጻጸሪያ የተሠራ ትልቅ ጥናት የለም።

ጉዳቱስ? አንገትን ድንገት መጠምዘዝ ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ቀድዶ ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። አልፎ አልፎ የሚደርስ ነው፤ ሲደርስ ግን ጉዳቱ ከባድ ሊሆን ይችላል። የፓርኪንሰን ሕሙማን አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፣ አጥንታቸው የሳሳ ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ እቤታችን እንዲህ ያለ አዛውንት ካለ፣ ካይሮፕራክተርም ይሁን ወጌሻ፣ አንገታቸውን ቋ እንዲያደርግ አለመፍቀድ ነው። ጀርባና ትከሻ በቀስታ መታሸት ሌላ ነገር ነው፤ ሐኪማቸው ካወቀው ክፋት የለውም። የከፋው ነገር መድኃኒቱ ተትቶ ገንዘቡ ወደዚያ ሲሄድ ነው። በአገራችን ሌቮዶፓ ሁልጊዜ በየፋርማሲው አይገኝም፤ በተገኘበት ጊዜ ለመግዛት የተቀመጠ ብር ለአንገት ማስጠምዘዣ ማለቁ ያሳዝናል። መንቀጥቀጡን የጂን ነው ብለው ለዓመታት ወደ ሐኪም ሳይወስዱ የሚያቆዩም አሉ። ሩቅያ መቅራትና መድኃኒት መውሰድ አይጣሉም፤ ዑለሞቻችንም ታከሙ ነው የሚሉት።

እንቅስቃሴ ግን እውነተኛ ማስረጃ አለው። በ2012 ኦሪገን ግዛት ውስጥ በ195 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ታይ ቺ የተባለውን የቻይናውያን ቀስ ያለ እንቅስቃሴ በሳምንት ሁለት ቀን ለስድስት ወር የሠሩት ሚዛናቸው ከሌሎቹ መሻሉን፣ ሰውነት ከማሳሳብ ብቻ ይልቅም ከመውደቅ መጠበቁን አሳይቷል። እግሩ መሬት ላይ የተጣበቀ የሚመስለው ሰውም ወለሉ ላይ አግድም መስመር ሲያይ መስመሩን እየተሻገረ ይራመዳል። የመስጂድ ምንጣፍ ላይ ያሉት የሶፍ መስመሮች ትዝ አሉኝ። መስመሮቹ ለአንድ እርምጃ የተራራቁ ናቸው፤ በቤት ውስጥ ግን በፕላስተር እርምጃቸውን ያህል አቀራርቦ መሥራት ይቻላል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ከሱጁድ ሲነሱ ደማቸው ዝቅ ብሎ የሚያዞራቸው አዛውንቶች ደግሞ ወንበር ላይ መስገዳቸው የተፈቀደ ነው፤ ሶፍ ውስጥ ወንበር አይቶ ፊቱን የሚያጠቁር ወጣት እንዳይኖር።

የረመዳንም ነገር አለ። ሌቮዶፓ በየጥቂት ሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ በድንገት ማቋረጡ ለሕይወት የሚያሰጋ ትኩሳትና መገተር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ አባቶቻችን ጾሙን ከመወሰናቸው በፊት ሐኪማቸውንም ኡስታዛቸውንም ማማከር አለባቸው፤ የታመመ ሰው ዑዝር እንዳለው ሁላችንም የምናውቀው ነው። መድኃኒቱን ከሥጋና ከመሰል ምግብ ጋር አብሮ መውሰድ ወደ አንጎል የሚደርሰውን ሊቀንስ እንደሚችልም ለሚያስታምሙ ሰዎች ንገሩ።

ፓርኪንሰን ሕክምና መስጠቱን እስከ መጨረሻው አልተወም። በ1824 እንኳ ስለ ተላላፊ ትኩሳት የጻፈው ወጥቷል። በዚያው ዓመት ስትሮክ መታው፤ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፣ አንደበቱም ተያዘ። እንደ ስድስተኛው አዛውንት ኃይሉ አልተመለሰለትም። ዲሴምበር 21 ቀን በ69 ዓመቱ ሞተ፣ ሾርዲች በሚገኘው የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ግቢም ተቀበረ። ሕመሙ በስሙ መጠራቱን ሳያውቅ ነው የሄደው። የልደቱ ቀን ኤፕሪል 11 ዛሬ የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ነው።

የኅትመት ክፍሉ ልጆች ለዚህ ገጽ ፎቶ እንዳመጣላቸው ጠይቀውኝ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ስሙን ብትጽፉ ጢሙን ያንዠረገገ ሰው ፎቶ ይመጣላችኋል። ፎቶግራፍ ለሕዝብ የቀረበው በ1839 ነው፤ ፓርኪንሰን ከሞተ ከ15 ዓመት በኋላ። ያ ፎቶ የሌላ ሰው ነው። የእሱ የታወቀ ሥዕልም የለም፤ ቦታውን ባዶ የተውነው ለዚህ ነው።